ሲሚንቶ የሚበላው ብረት

ስለ ሲሚንቶ በተነሳ ቁጥር ወሬያችን ከሦስት ነገር አያልፍም፦ ደላላ፣ መብራት፣ ዶላር። ሦስቱም እውነት ናቸው። ዛሬ ግን ማንም ስለማያነሳው አራተኛ ነገር ልጽፍ ነው፤ ፋብሪካው ውስጥ ዱቄቱን ከወፍጮ ወደ ሲሎ ስለሚያመላልሰው ቱቦ። ነገሩ ትንሽ የመካኒክ ወሬ ይመስላል፣ ታገሱኝ። ዞሮ ዞሮ ዶላሩ ጋ እንደርሳለን።

ሲሚንቶ በጣት ሲነኩት ለስላሳ ነው። ብረት ግን እንደዚያ አያውቀውም። በጥሬ ዕቃው ውስጥ ያለው ኳርትዝ በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ነው። ተራ ቱቦና ላሜራ የሚሠራበት ብረት 5 እንኳ ቢሆን ነው። እኛ አገር በብዛት የምንጠቀመው ፒፒሲ ሲሚንቶ ላይ ደግሞ ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣ ፑሚስ ይጨመራል፤ ይህ ከእሳተ ገሞራ የወጣ መስታወት ማለት ነው፣ እሱም ከብረቱ ይጠነክራል። ስለዚህ በቱቦው ውስጥ ቀን ከሌት የሚያልፈው ሞረድ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ዱቄቱ በአየር ግፊት ሲነፋ ዋናው ጠላት ፍጥነት ነው። የቱቦው መበላት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በጣም ቀድሞት ይሄዳል። በሰከንድ 20 ሜትር ይነፋ የነበረው 30 ሜትር ሲደርስ ፍጥነቱ የጨመረው በግማሽ ነው፤ የብረቱ መበላት ግን ወደ ሦስት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። ታዲያ ለምን ያፈጥኑታል? ቱቦው እንዳይታፈን ፈርተው ነው። የታፈነ ቱቦ ወዲያው ያስጮሃል፣ አለቃ ይጠራል። የሚበላ ቱቦ ግን ዝም ብሎ ነው የሚበላው፤ እስኪበሳ ድረስ የሚጠየቅ ሰው የለም።

አየር ደግሞ በቱቦው ሲጓዝ ግፊቱ እየቀነሰ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይፈጥናል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበሳው መጨረሻ ላይ ያለው ጎሚቶ ነው። ጥሩ መሐንዲስ ይህን ስለሚያውቅ ቱቦውን ወደ መጨረሻው እያሰፋ ይሄዳል። ዕቃ ቆጥቤያለሁ የሚለው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ቱቦ ይዘረጋል። ጎሚቶው ሲበሳ ላሜራ ተቆርጦ ይበየድበታል። ብዙ ሳይቆይ ያው ቦታ ወይም ቀጥሎ ያለው ይበሳል። በዚህ መሃል ዱቄቱ የሚረጨው ሰው ላይ ነው፤ ኳርትዝ ያለበት አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚያደርገውን ደግሞ ብየዳ አይጠግነውም።

በጣም የሚገርመኝ አንዱ መፍትሔ ርካሽ መሆኑ ነው። በጎሚቶ ፈንታ ቲ ተበይዶ ቀጥታ ያለው አፉ ይደፈናል። ዱቄቱ የተደፈነው ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀምና ከኋላ የሚመጣው ብረቱን ትቶ ራሱን ዱቄቱን ይመታል። ትንሽ ተጨማሪ ግፊት ይጠይቃል፣ ለሚጣበቅ ዱቄትም አይሆንም። ለደረቅ ሲሚንቶ ግን ይሠራል፣ ማንኛውም ደህና በያጅም ይሠራዋል። ቦታው ከፈቀደ ደግሞ ከነአካቴው አለመንፋት ይሻላል፤ በጨርቅ ላይ በትንሽ አየር ተንሳፎ በተዳፋት እንዲፈስ ማድረግ፣ ወደ ላይም በባልዲ ሰንሰለት ማውጣት። ኃይልም ይቆጥባል።

አሁን ወደ ዶላሩ። ፋብሪካ ሲመረቅ የሚነገረን አንድ ቁጥር ነው። የዳንጎቴ ሙገር በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን፣ የለሚ በቀን 150,000 ኩንታል። ደስ ይላል፣ እናጨበጭባለን። የነፋሱ ፍጥነት ስንት ነው? ጎሚቶው ስንት ሺህ ሰዓት ይቆያል? ሲያልቅ ከየት ይመጣል? ብሎ በአደባባይ የጠየቀ ሰምቼ አላውቅም። ሻጩን አልወቅስም፤ ያልተጠየቀውን ለምን ይስጥ? በጨረታ ሰነዱ ላይ እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በቁጥር ካልተመለሱ ግን ዋጋው አነስ ያለው ሁሌም ያሸንፋል፣ ልዩነቱንም በኋላ በመለዋወጫ እንከፍለዋለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ይህ ክፍያ ቀላል አይደለም። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ዶላሩ እንደ ድሮው ላያስጠብቅ ይችላል፤ ጎሚቶው ግን በብር ሲታሰብ በእነዚያ ሳምንታት ዋጋው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው ነበር።

«እዚሁ እናምርተው» ሲባል ብዙ ሰው ይስቃል። አቃቂ ላይ መለዋወጫ እንዲያመርት የተቋቋመ ፋብሪካ ካለን አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ክሮም የበዛበት ብረት ማቅለጥ ለዚህ ሥራ የታወቀ መንገድ ነው። ሌላም አለ። አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቱቦዎችን ውስጣቸውን በቀለጠ ባዛልት ይለብጧቸዋል፤ ጥንካሬው 8 አካባቢ ነው፣ ከኳርትዝም ይበልጣል። ባዛልት ደግሞ የእኛ ደጋ የቆመበት ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ለአጥርና ለመንገድ እየፈለጥነው እንውላለን። በእርግጥ ማንኛውም ባዛልት አይሆንም። ከ1,200 ዲግሪ በላይ መቅለጥ፣ ከዚያም እንዳይሰነጠቅ በጣም በዝግታ መቀዝቀዝ አለበት። ምድጃና የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል። ግን የየትኛው አካባቢ ድንጋይ እንደሚሆን ለይቶ ማወቁ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ አቅም በላይ አይመስለኝም፤ ሲሚንቶ ፋብሪካዎቹ ተባብረው ወጪውን ቢችሉ ለእነሱ ከአንድ ሳምንት የሥራ ማቆም ኪሳራ የሚበልጥ አይሆንም። ቲው ደግሞ ይህን ሁሉ አይጠብቅም፤ በሚቀጥለው የጥገና ቀን ሊበየድ ይችላል።