ከአንዱ በኋላ ሁለተኛው ማነው?

አንድ አገር ተፈጥሮ ያልሰጠችውን ጨዋታ ሊጫወት ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ በተማሪዎች መካከል በተነሣ ቁጥር በሣቅ ይዘጋል። «ፀሐይ የሚያቃጥለው አገር ልጅ በበረዶ ላይ ምን ይሠራል?» ይባልና ነገሩ እንደ ቀልድ ይታለፋል። እኛ ግን ጉዳዩ ከሣቅ በላይ ነው እንላለን። ምክንያቱም ጥያቄው የበረዶ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ መሣሪያና ስፍራ የሌለው ሕዝብ ምን ሊጀምር ይችላል፣ የጀመረውንስ እንዴት ያጸናዋል የሚል ጥያቄ ነው።

ምሳሌ እንዲሆነን ከርሊንግ የተባለውን ጨዋታ እንመልከት። 20 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን የግራናይት ድንጋይ፣ 45 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የበረዶ ሜዳ ላይ ተገፍቶ፣ በወዲያኛው ጫፍ ከተሣለው ክብ ውስጥ እንዲቆም ይደረጋል። የቡድኑ ተጫዋቾች ከድንጋዩ ፊት ፊት እየሄዱ በረዶውን በመጥረጊያ ይፈትጉታል፤ በረዶውም በፍትጊያው ጥቂት ስለሚሞቅ ድንጋዩ ርቆና ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ይህ ለተመልካች ቀላል ይመስላል፤ ሜዳው ግን ቀላል አይደለም። በረዶው ፍጹም የተስተካከለ መሆን አለበት። በላዩም ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ይረጭበትና ጠብታው ወደ በረዶ ሲለወጥ ድንጋዩ በእነዚያ ጥቃቅን ጉብታዎች ላይ ይንሸራተታል። ሰዎች ስለት ባለው ጫማ የሚንሸራተቱበት ተራ የበረዶ አዳራሽ ይህን አይተካም፤ የተቧጨረ ስለሆነ ድንጋዩን ወዳልታሰበበት ይወስደዋል። እንግዲህ ለሞቃት አገር የሚጐድለው በረዶ ብቻ ሳይሆን ለዚሁ ጨዋታ ተብሎ የተዘጋጀ በረዶ ነው።

ይህ ሁሉ ጐድሎ መወዳደር ይቻላልን? አዎን፣ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በቤጂንግ የክረምት ኦሊምፒክ ታሊ ጊል እና ዲን ሂዊት የተባሉ ሁለት ተጫዋቾች አውስትራሊያን ወክለው ሲሰለፉ፣ አገራቸው ለከርሊንግ ብቻ የተሠራ ሜዳ አልነበራትም። የመጀመሪያዎቹን 7 ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፉ። ከዚያም ጊል በኮሮና ምርመራ ምክንያት ከውድድሩ ወጥተው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሰናዱ፣ እንዲጫወቱ ተፈቀደላቸው። በቀሩት ሁለት ጨዋታዎች ስዊዘርላንድን 9 ለ6፣ ካናዳንም 10 ለ8 አሸነፉ። ካናዳ ማለት የዚህ ጨዋታ ታላቅ ቤት መሆኗን ልብ ይሏል።

ይህን ድል ድንገተኛ ዕድል የሚለው ሰው ይሳሳታል። የዲን ሂዊት አባት እ.ኤ.አ. በ1992 በአልበርትቪል ኦሊምፒክ፣ ከርሊንግ ለትርኢት ብቻ በቀረበበት ጊዜ ለአውስትራሊያ ተጫውተዋል። በአባትና በልጅ መካከል 30 ዓመት አለ። ሜዳ ባይኖርም አስተማሪና ተተኪ ነበር ማለት ነው።

ወደ አህጉራችን ስንመለስ፣ ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ከርሊንግ ፌዴሬሽን አባል ሆነች፤ ከአፍሪካም የመጀመሪያዋ ናት። በሚከተለው ዓመት በኖርዌይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ተወካዮቿ ፈረንሳይን አሸነፉ። ተጫዋቾቹ ኑሯቸው በካናዳ ነበር። በዚህ አንዳንዶች ይተቻሉ፤ እኛ ግን በውጭ አገር ያገኘውን ዕውቀት ለአገሩ ባንዲራ ያዋለን ሰው አንነቅፍም። የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ከእርሱ ኋላ በአገር ቤት ማን ተነሣ? የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ እኛኑ ኢትዮጵያውያንን ይነካል። በአዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ የሄዱት አቶ ሮቤል ተክለማርያም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ በ15 ኪሎ ሜትር የበረዶ ላይ ስኪ ተወዳድረው 83ኛ ወጡ። በ2010 በቫንኩቨር ዳግመኛ ተሰለፉ። በአገራችን በረዶ ስለሌለ መንኰራኵር ባለው ስኪ በአስፋልት ላይ ይለማመዱ ነበር። ይህ የሚያስመሰግን ትጋት ነው። ነገር ግን በ2014፣ በ2018 እና በ2022 በተደረጉት የክረምት ኦሊምፒኮች ኢትዮጵያ አልተሰለፈችም። ከአንድ ሰው ጋር የመጣው ነገር ከአንድ ሰው ጋር ሄደ። ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለም፤ ከኋላቸው ሁለተኛ ሰው ሳናዘጋጅ ለቀረነው ለእኛ ነው።

«አበበ ቢቂላ ያለ ጫማ አላሸነፈምን? መሣሪያ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እውነት ነው፣ አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ነገር ግን ያለ ጫማ ሮጠ እንጂ ያለ አሠልጣኝ አልሮጠም። ኦኒ ኒስካነን የተባሉ ስዊድናዊ አሠልጥነውታል፤ በክብር ዘበኛም አብረውት የሚሮጡ ጓደኞች ነበሩት። በ1968 በሜክሲኮ ማሞ ወልዴ ማራቶንን ሲያሸንፍ ሁለተኛው ሰው ተገኘ። የሩጫችን ታላቅነት ከባዶ እግር ሳይሆን ከዚህ ተከታታይነት የመጣ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ኳስ የሚለማመድበት ሜዳ ያጣ ተማሪ ሞልቶ ሳለ ስለ በረዶ ማውራት ቅንጦት ነው» ይላሉ። ቅሬታቸው ተገቢ ነው። እኛም ሌሊትና ቀን በመኪና የሚቀዘቅዝ አዳራሽ ይሠራልን አንልም። ነገር ግን በረዶ የማይሻ የከርሊንግ ዓይነት አለ፤ ከሥሩ ተሽከርካሪ ያለው ድንጋይ በአዳራሽ ወለል ላይ የሚገፋበት ነው። ኦሊምፒክ ባያደርስም ማነጣጠርን፣ መተባበርንና ማሰብን ያስተምራል። የስፖርት መምህራኖቻችን በአንድ አዳራሽ ቢሞክሩት ምን ይጐዳል?

ከከርሊንግም ባሻገር የምናሳስበው ይህ ነው። የስፖርት ገንዘብ የሚያከፋፍሉ ሁሉ አንድ ተወዳዳሪ ከነባንዲራው በላኩ ቁጥር፣ በአገር ቤት አንድ አሠልጣኝና ጥቂት ጀማሪዎች እንዲቆሙለት ያድርጉ። ተወዳዳሪው ሲመለስም የሚያስተምርበት ክፍል ይሰጠው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና፣ ለአንድ ሳምንት ሰልፍ ብቻ የተያዘ ባንዲራ ሰልፉ ሲያበቃ ይታጠፋል።

እኛ ተማሪዎችም 83ኛ በወጣ ሰው ላይ ከመሣቃችን በፊት፣ 82ኛ የሚወጣውን ለማዘጋጀት ምን እንዳደረግን ራሳችንን እንጠይቅ።