ይቅር ባይ ደጋን

መቱም ሆነ ጎሬ፣ የልጅ ዩኒፎርም ስንገዛ «ሲያድግ ልኩ ይሆናል» ብለን ሰፋ ያለውን እንመርጣለን። ይህ ለደጋን አይሠራም። ልጅ ቀርከሃ አጉብጦ ኢላማ መምታት ሲጀምር ከጉልበቱ በላይ የሆነ ደጋን ከሰጡት እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ደጋግሞ ሲስት ደግሞ «አልችልም» ብሎ ይተወዋል።

እኔ ለጀማሪ የምመርጠው ይቅር ባዩን ነው፤ ትንሿን የእጅ ስህተት የማያጎላውን። ምልክቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ለመሳብ ይቀላል፤ ልጁ እስከ አገጩ ስቦ ሳይንቀጠቀጥ ጥቂት መቆየት አለበት። ሁለተኛ፣ ረዘም ይላል፤ አጭር ደጋን ሲሳብ ገመዱ ጣት ይቆነጥጣል። ሦስተኛ፣ ገመዱ ከመያዣው በመጠኑ ይርቃል፤ ቀስቱ ቶሎ ከገመዱ ስለሚለቅ የእጅ እንቅስቃሴ አቅጣጫውን ለማሳት ጊዜ አያገኝም። ፍጥነቱ ትንሽ ቢቀንስ ልጅን ምን ይጎዳዋል?

የቀስቱን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልሉለት፤ ከኢላማው ጀርባ ሰው አይኑር። ገመዱም ያለ ቀስት ተስቦ አይለቀቅ፤ ደጋኑ ሊሰበር ይችላል። በኦሊምፒክ ኢላማው 70 ሜትር ይርቃል፤ የእኛ ልጅ ከ5 ሜትር ይጀምር። መምታት ከለመደ ጠንካራውን ራሱ ይጠይቃችኋል።