የገዛ መጽሐፍህን ተከራየው!

ዛሬ ወሬ ሳላበዛ ወደ ገደለው ልግባ። አንዲት እህታችን የላከችልን ደብዳቤ ይኸው ስንት ቀኑ፣ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ይቆረቁረኛል። ደብዳቤው ስለ ባል ነው። መቼም ስለ ባል ስንቱ ይጻፍልናል! ያመሻል፣ ይጠጣል፣ የድሮዋን አልረሳም... የዚህችኛዋ ባል ግን አያመሽም፣ አይጠጣም፣ ሌላም ሴት የለውም። ጥፋቱ መጽሐፍ መግዛት ነው።

“ይገዛል እንጂ አያነብም” ነው የምትለው እህታችን። ደሞዝ በወጣ ቁጥር ሜክሲኮ ወይ ለገሃር ወርዶ አንድ መጽሐፍ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይገባል። ስሙንና ቀኑን ይጽፍበታል፣ የመጀመሪያውን ገጽ ያያል፣ ያሸተዋል (አዎ፣ ያሸተዋል!)፣ ከዚያ ይደረድረዋል። በቃ። አንድ እሁድ እሱ ሳይኖር ብትቆጥራቸው 83 ሆኑ። ማታ ላይ “እስቲ የጨረስካቸውን ንገረኝ” ብላ አንድ በአንድ ስታስቆጥረው 19 ላይ ቆመ። የተከራዩት ቤት አንድ ክፍል ነው፤ እሷ ደግሞ የስምንት ወር እርጉዝ ነች። የሕፃን አልጋ ሊገባበት የታሰበው ጥግ በካርቶን ተይዟል። “የሚያበሽቀኝ ገንዘቡ አይደለም፤ ለማን ብሎ እንደሚገዛ አለማወቄ ነው። እሱ ሥራ ሲሄድ ቆራሌው ጠርቼ በኪሎ ልሽጠው ወይስ ልታገስ?” ትላለች።

እህቴ፣ ቆራሌውን እንዳትጠሪ! የባልሽን ንብረት ተደብቀሽ የሸጥሽ ቀን ጠባችሁ ስለ መጽሐፍ መሆኑ ይቀርና ስለ መተማመን ይሆናል። ደግሞ ምን ሊሰጥሽ? መጽሐፉ የኮሎ መጠቅለያ ሆኖ ይቀራል፣ አንቺም አንድ እሽግ ዳይፐር የሚገዛ ብር አይተርፍሽም። ግን በአንድ ነገር ልክ ነሽ፤ ይሄ ነገር በዚህ ከቀጠለ መጨረሻ የለውም።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። በወር አንድ ከሆነ 83 መጽሐፍ ማለት ሰባት ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ግዢ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ 19 ማንበብ በዓመት ሦስት እንኳ አይሞላም። የቀሩት 64 ናቸው። ጌታው ዛሬ ቆርጦ ቢነሳና በወር ሁለት ቢያነብ፣ መግዛቱን ግን ባይተው፣ ሁለት ሲቀንስ አንድ እየጨመረ ክምሩ የሚያልቀው ከ64 ወር በኋላ ነው። አምስት ዓመት ከአራት ወር! የሚወለደው ልጅ ፊደል ቆጥሮ ያግዘዋል። መግዛቱን ካቆመ ግን 32 ወር ነው። በወር ሁለት ሲባል ደግሞ የሚያስፈራ አይምሰላችሁ፤ መጽሐፉ 300 ገጽ ከሆነ በቀን 20 ገጽ ነው። 20 ገጽ ምን አላት? የታክሲ ሰልፍ ላይ ታልቃለች።

ታዲያ ሰውየው ለምን አያነብም? እዚህ ላይ እኔው ራሴ ልናዘዝ።

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ፊልምም መጽሐፍም የሚያከራይ ሱቅ ነበር። የተማሪ መታወቂያ መያዣ ይቀመጣል፣ ኪራዩ በቀን ይታሰባል። የምትከራየው ታላቅ እህቴ ነበረች። እኔ እሷ እስክትተኛ ጠብቄ ከትራሷ ሥር ስቤ አወጣለሁ። ጠዋት ይመለሳላ! መብራት ከጠፋ በሻማ፣ እማዬ ከነቃች እፍ። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ዘይት የጠጣ፣ የመጨረሻው ሁለት ገጽ የጎደለ ሁሉ አንብቤያለሁ (ያ የጎደለው መጨረሻ እስካሁን ያንገበግበኛል)። ተከራይተነው ሳልጨርሰው የተመለሰ መጽሐፍ ግን ትዝ አይለኝም። አድጌ የራሴን ብር መያዝ ስጀምርና መግዛት ስለምድ ነው ነገር የተበላሸው። መደርደሪያዬ ሞላ፣ ንባቤ ሸሸ። የኔ ነዋ! የት ይሄዳል? ነገ አለ፣ ከነገ ወዲያ አለ።

የኔ ስንፍና ብቻ ነው እንዳትሉኝ። የበዓሉ ግርማን ኦሮማይ አስቡት። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ደራሲው ራሱ በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ገዢ እጅ የገባው መጽሐፍ ግን በጋዜጣ እየተጠቀለለ፣ ከሰው ሰው በድብቅ ይዞር ነበር። ያን ጊዜ ኦሮማይ ደርሶት “ቆይ ሲመቸኝ” ያለ ሰው ይኖራል? ተራ የሚጠብቅ ሰው አለዋ! ዛሬ መጽሐፉ በነፃነት ይሸጣል፤ ገዝተው ያላነበቡትን ግን እኔ ብቻ ስንቱን አውቃለሁ።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ያላነበቡትን አንብቤያለሁ ማለት ነው። አንዲት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻይ ልጋብዝ ይዣት ወጥቼ “ፍቅር እስከ መቃብርን አንብበኸዋል?” አለችኝ።

“እንዴ! ሁለት ጊዜ!” አልኩ። መጽሐፉ ቤቴ ነበር፣ አልዋሸሁም። ያነበብኩት ግን በጆሮዬ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን እዚህም እዚያም ቆራርጬ ሰምቻለሁ።

“የቱ ጋ ነው ልብህን የነካህ?”

“መጨረሻው ላይ ነዋ!”

“እኔ ግን ገና መጀመሪያው ላይ፣ ቦጋለ መብራቱ አሳዘነኝ” አለች።

“ቦጋለ ደግሞ ማነው?” አላልኩም መሰላችሁ!

ለማታውቁ፣ ቦጋለ መብራቱ የበዛብህ አባት ነው። መጽሐፉ የሚጀምረው በሱ ነው፤ ሰብለን ፍለጋ የገለጠ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ልጅቷ ስቃ ሻይዋን ጨረሰች። ሁለተኛ ሻይ አልጠጣንም። በንዴት ያን ከ500 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ በሦስት ሳምንት ጨረስኩት። በ1958 ዓ.ም. የታተመ ልብ ወለድ ሌሊት እያስነሳ አስነበበኝ። ስንት ዓመት ራስጌዬ ተቀምጦ ነበር!

እንግዲህ ወንድሜ፣ ይቺ ለአንተ ናት፤ ባለቤትህ ታስነብብህ። በመጀመሪያ ካርቶኑን ሁሉ ወለል ላይ ዘርግፈው። ብቻህን አይደለም፣ አብራችሁ። ከ64ቱ ውስጥ ለሌላ ሰው የገዛሃቸው ታገኛለህ። “ሌላ ሰው” ያልኩት ልትሆነው አስበህ የነበረውን አንተን ነው። እንግሊዝኛ በአጭር ጊዜ የሚያስተምረው፣ ባለሀብት የሚያደርገው፣ ቢሮ ውስጥ ሁሉም ሲያወራለት ሮጠህ የገዛኸው... እነሱን ለሰፈር ትምህርት ቤት ወይ ለማረሚያ ቤት ቤተ መጻሕፍት ስጥ። አይቆጭህም። የቀሩትን ደግሞ 50 ገጽ ሞክራቸው፤ ካልያዙህ ልቀቃቸው። መጽሐፍ አቋርጦ መተው ኃጢአት አይደለም። አንድ ብቻ አደራ እላለሁ፤ የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስ (1962 ዓ.ም.) ካለህ 100 ገጽ ታገሰው። ቋንቋው ጥርስ ይፈልጋል፣ እኔም ሁለቴ ጥዬው ሦስተኛው ላይ ነው የገባኝ።

ከዚያ ወደ ኪራዩ። ባለሱቋ ባለቤትህ ናት። አንድ መጽሐፍ ብቻ ውጪ ይቀራል፣ ሌላው ካርቶን ውስጥ ታሽጎ አልጋ ሥር ይገባል፤ የሕፃኑ ቦታም ይለቀቃል። መያዣ ታስይዛታለህ፤ የዚያን ወር የመጽሐፍ መግዣ ብር። ቀነ ገደቡ 15 ቀን ነው። ካደረስክ ብርህ ይመለሳል፣ ቀጣዩን ትመርጣለህ። ካላደረስክ ብሩ ዳይፐር ይገዛበታል። ልመና የለም! አምስት እስክትጨርስ አዲስ አይገዛም። መካከል ላይ ሌላ ካማረህ ወመዘክር አለልህ፣ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆትም አለልህ፤ ሄደህ በነፃ አንብብ። በቴሌግራም ፒዲኤፍ እያወረዱ ስልክ ውስጥ ማከማቸትም ያው መግዛት ነው፤ ካርቶኑ ስላልታየ የለም ማለት አይደለም።

ለአንቺም እህቴ አንዲት ነገር ላክል። ባለሱቅ ሆንሽ ማለት ዘበኛ ሆንሽ ማለት አይደለም። 20 ገጹን ይዞ ሲቀመጥ “እስቲ ተነስና ውሃ ቅዳ” ይቆይለት፤ ግማሽ ሰዓት ነው። “ለማን እንደሚገዛ አላውቅም” ያልሽውን ደግሞ ለኔ ከምትጽፊ ለሱ ጠይቂው፤ ሳትቆጪ፣ ሰከን ብለሽ። አንድ መጽሐፍ የሌለበት ቤት ያደገ ሰው ሲገዛ የሚታየው ሌላ ነገር ይኖራል። እስክትወልጂም ወር ቀርቶሻል፤ ከ83ቱ አንዱን አንቺ ብትከራዪስ?

እኔ ከዚያ የሻይ ውርደት ወዲህ የግዢውን ነገር ቀነስ አድርጌ ከአንድ ጎረቤቴ ጋር እንለዋወጣለን። ያለ መያዣ አይሰጥም፣ ጨካኝ ነው። አሁን የሱን ይዤያለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይመለሳል፣ 90 ገጽ ይቀረኛል። መታወቂያዬ እሱ ጋ ነው፣ ሰኞ ደግሞ ባንክ ጉዳይ አለኝ። ስለዚህ በዚሁ ልሰናበታችሁ፤ ሰላም ሰንብቱ!