ሪሞቱ በእናት እጅ ይግባ



እስኪ እንዲህ ያለ ቤት አስቡ። ልጅ ራስበሪ ፓይ የምትባለውን የመዳፍ ያህል ትንሽ ኮምፒውተር ይገዛል፤ ኮዲ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ይጭንና ከቴሌቪዥኑ ጋር ያገናኛታል። መዝሙሩ፣ ፊልሙ፣ የሠርጉ ቪዲዮ ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰበሰበ፤ ቤቱም ደስ አለው። በማግስቱ ልጁ ሥራ ሲሄድ ግን እናት ዝም ካለው ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብለው ይውላሉ። ማዘዣው ኪቦርድና ማውስ ነው፤ እርሳቸው ደግሞ እነዚህን ነክተው አያውቁም። በገዛ ቤታቸው የሰው እጅ ጠባቂ ሆኑ ማለት ነው።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ምንም ሳትገዙ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ኮምፒውተሯ ከቴሌቪዥኑ ጋር የምትገናኘው በኤችዲኤምአይ ገመድ ነው። ቴሌቪዥናችሁ ሲኢሲ የሚባለው አሠራር ካለው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አብሩት፤ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ራሱ ኮዲን ሊያዝዝ ይችላል። ይህ ካልሆነ ወደ ሁለተኛው መንገድ እንለፍ።

ሪሞት የሚናገረው ዓይናችን በማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ስለዚህ ለኮምፒውተሯ ይህን የምታይበት ዓይን እንስጣት። እርሱም ባለ ሦስት እግር ትንሽ የኢንፍራሬድ መቀበያ ነው፤ ቲኤስኦፒ 38238 የሚባለው አንዱ ነው። ብዙዎቹ ሪሞቶች ብርሃናቸውን በሴኮንድ 38 ሺህ ጊዜ ያህል ያርገበግባሉ። መቀበያው የፀሐይንና የአምፖልን ብርሃን ትቶ ይህን ርግብግብታ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የዜኒት ኩባንያ ፍላሽማቲክ ሪሞት በተራ ብርሃን ይሠራ ስለነበር፣ ፀሐይ ቴሌቪዥኑ ላይ ስታርፍ ጣቢያው በራሱ ሊቀየር ይችል ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። ኮምፒውተሯን አጥፉና ከኤሌክትሪክ ንቀሉ። ፒን ላይ በሚሰኩ ሦስት አጫጭር ሽቦዎች የመቀበያውን የኃይል እግር ከ1ኛው ፒን፣ የግራውንዱን ከ6ኛው፣ የመልእክቱን ከ12ኛው ጋር አገናኙ። ብየዳ አያስፈልግም። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። 1ኛው ፒን 3.3 ቮልት ሲሆን አጠገቡ ያለው 2ኛው 5 ቮልት ነው፤ የኮምፒውተሯ የመልእክት ፒኖች ደግሞ ከ3.3 ቮልት በላይ አይችሉም። የእግሮቹም ቅደም ተከተል ከመቀበያ መቀበያ ስለሚለያይ የገዛችሁትን ዓይነት ሥዕል ሳታዩ አትሰኩ።

ቀጥሎ በሚሞሪ ካርዱ ላይ ባለው የማስተካከያ ፋይል ውስጥ መቀበያው የት እንደተሰካ በአንድ መስመር ይጻፋል። ፋይሉ 12ኛውን ፒን የሚያውቀው ጂፒአይኦ 18 በሚል ስም ነውና ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ሪሞቱንስ? ከተበላሸ ዲቪዲ ወይም ከአሮጌ ዲሽ ሪሲቨር የተረፈው ይበቃል። መሥራቱን ለማወቅ ወደ ሞባይላችሁ ካሜራ አነጣጥራችሁ ቁልፍ ተጫኑ፤ ጫፉ ላይ ብልጭታ ካያችሁ ደህና ነው። ካላያችሁ በፊት ለፊቱ ካሜራ ድገሙት። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱን ቁጥር ይልካል፤ ቁጥሩን እያነበባችሁ ከኮዲ ትእዛዝ ጋር ታዛምዳላችሁ።

ሁሉንም ቁልፍ ለመሙላት ግን አትድከሙ። አራቱ አቅጣጫዎች፣ እሺና ተመለስ፣ እነዚህ ስድስቱ ለእናት ይበቃሉ። የማጥፊያውን ቁልፍ ባዶ ተዉት፤ ኮምፒውተሯ አንዴ ከጠፋች ይህ መቀበያ ብቻውን አያስነሣትም፤ እናትም ተመልሰው እናንተን ሊጠብቁ ነው። መቀበያውንም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አትደብቁት፤ ሪሞቱን ማየት አለበት።

ሲያልቅ ሪሞቱን በእጃቸው ስጡና አጠገባቸው ተቀመጡ። ቢሳሳቱ ፈጥናችሁ አትቀበሏቸው፤ ተመለስ የሚለውን አሳይታችሁ እንደገና ይሞክሩ። የፈለጉትን መዝሙር ራሳቸው የከፈቱ ቀን ሥራችሁ አለቀ።