ችኩል ርኅራኄ

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እየተባለች የምትታማው እንስሳ፣ በእርግጥም አንድ የማትረሳው አመል አላት፤ ሕመሟን ትደብቃለች። ውሻ እግሩን ሲመታ ሰፈሩን በጩኸት ይቀሰቅሳል። ድመት ግን ከአልጋ ሥር ገብታ ዝም ትላለች። ስለዚህ ድመቱ በግልጽ ስታነክስ ያየ ሰው፣ ሕመሙ ከመደበቅ አቅሟ በላይ እንደ ሆነ ይረዳ። ከዚያች ሰዓት አንሥቶ ሐኪም ዘንድ እስክትደርስ ድረስ፣ ከቸልተኝነታችን ይልቅ ችኩል ርኅራኄያችን ያሰጋኛል።

ከሁሉ የሚከፋው መድኃኒቱ ነው። ፓራሲታሞል የማይገኝበት ቤት ጥቂት ነው፤ የእኛን ራስ ምታት ያስታገሠ የእርሷን እግር የማያስታግሥበት ምክንያትም አይታየንም። የድመት ጉበት ግን ይህን መድኃኒት አጣርቶ ለማስወገድ የሚያስፈልገው ኢንዛይም በበቂ መጠን የለውም። መርዙ ቀይ የደም ሕዋሶቿን ያበላሽና ኦክስጅን የመሸከም ኃይላቸውን ይነጥቃል፤ ድዷ ይጠቁራል ወይም ይሰማያዊል፣ ፊቷና መዳፎቿ ያብጣሉ፣ ትንፋሽ ያጥራታል። የተለመደችው ባለ 500 ሚሊግራም አንዲት ፍሬ ድመትን ለመግደል ትበቃለች። «ሩቧን ብሰጣትስ?» የሚለው ስሌትም አያዋጣም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደግሞ ጨጓራዋንና ኩላሊቷን ይጎዳሉ።

እጃችንም አያርፍም። ወጌሻ ወለምታን በቅቤ ሲያሽ እያዩ ላደጉ ሰዎች፣ ያበጠ እግር አይቶ ዝም ማለት ይከብዳል። ነገር ግን ወለምታ የመሰለን ስብራት ሊሆን ይችላል፤ አለዚያም በድመቶች ጠብ የተነከሰው ቆዳ ላዩ ተዘግቶ ከሥሩ መግል ቋጥሮ ይሆናል። ይህ ድመቶች ከሚያነክሱባቸው የተለመዱ ምክንያቶች አንዱ ነው። ማሸት ለሁለቱም አይበጅም። ከፈቀደች መዳፏን ማየት ደግ ነው፤ እሾህ፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ ወይም አድጎ ተጠምዝዞ ሥጋዋ ውስጥ የገባ ጥፍር ይገኝ ይሆናል። ካልፈቀደች መታገል አያስፈልግም። ያመማት ድመት ጌታዋንም ትነክሳለች፤ የእብድ ውሻ በሽታ ባልጠፋበት አገራችን ደግሞ ንክሻና ቡጭሪያ እንደ ዋዛ አይታለፍም። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው።

የሚያስፈልጋት ጥቂት ነው፦ ዘልላ የምትወጣበት ነገር የሌለበት ትንሽ ክፍል፣ ወለል ላይ የተነጠፈ አሮጌ ጋቢ፣ በአጠገቧ ውኃና ምግብ፣ ጠርዙ ዝቅ ባለ ዕቃ የተሞላ አሸዋ። አረማመዷን በስልክ መቅረጽም ይጠቅማል፤ ሐኪሙ ፊት ስትቀርብ ፈርታ ትኮራመታለችና ማነከሷ አይታይም።

«ለድመት ደግሞ ሐኪም?» የሚል ፌዝ አይቀርም። ለበሬ ሐኪም ሲጠራ ግን ማንም አይስቅም። እ.ኤ.አ. በ1979 በቢሾፍቱ የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ከአራት ዐሥርት ዓመታት በላይ ሐኪሞች አስመርቋል፤ ጎተራ ስትጠብቅ የኖረችው ድመትም ከእነርሱ ድርሻ አላት።

ፋታ የማይሰጥ ጊዜም አለ። ድንገት እየጮኸች የኋላ እግሮቿን ከጎተተች፣ እግሮቿም ሲዳሰሱ ከቀዘቀዙ፣ የረጋ ደም የደም ቧንቧዋን ዘግቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ነገን መጠበቅ የለም፤ ቀዳዳ በተበጀለት ካርቶን አድርጎ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሐኪም ፍለጋ መውጣት ነው።