ፍሬቻ የባጃጅ ዕዳ ብቻ ነው እንዴ?

ኧረ ለመሆኑ መስቀለኛ መንገድ ላይ ማን ይቅደም የሚለውን የሚወስነው ሕጉ ነው ወይስ የጎማው ብዛት? ከድሬዳዋ ሁርሶ የሚመላለስ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ከባድ መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን ባጃጅ ማሳለፍ አለበት። መቼ አሳልፎ ያውቃል? ክላክሱን ያንባርቅና ይገባል። ባለባጃጁ ከአስፋልት ወርዶ አቧራ ውስጥ ይቆማል፤ የተሳፈሩት እናቶች ልጆቻቸውን ደረታቸው ላይ ይለጥፋሉ። "አቦ ተወው!" ብሎ ጉዞ ነው።

ሕጉ ግን አልተደበቀም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208ም ሆነ ከዚያ ወዲህ የመጡት ማሻሻያዎች "ጎማህ ትልቅ ከሆነ እለፍ" አይሉም። አደባባይ ላይ ቅድሚያው ቀድሞ ለገባው ነው። "ቁም" የሚል ምልክት ፊት ጎማው ጨርሶ መቆም አለበት፤ ቀስ ብሎ መንሸራተት መቆም አይደለም። ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና መንገድ ይለቀቃል፣ ይገባቸዋል። ባለሥልጣኑ ስብሰባ ረፍዶበት ሲበር ግን እሳቱ የተነሳው የት ነው?

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተወለደች ከተማ ናት። የቀድሞው ሐዲድ በሁርሶም በኩል ነበር ወደ ሸዋ የሄደው። ባቡር ሲመጣ ባለግመሉም ባለመኪናውም ይቆማል፤ ባቡር መታጠፍም ሆነ ድንገት መቆም አይችልማ! የዛሬው ባለተሳቢ ያንን ትምህርት ገልብጦ ሳይዘው አልቀረም። መሪና ፍሬን ይዞ ራሱን ባቡር አድርጎታል።

"ሕዝባችን ሕግ አይገባውም" የሚሉን አሉ። በ1956 ዓ.ም. እኮ አገሩ በሙሉ በግራ መንዳቱን ትቶ ወደ ቀኝ ዞሯል! ያኔ ጎን የለወጠ ሾፌር ዛሬ ሦስት ሴኮንድ መቆም ያቅተዋል?

እኔን የሚያንገበግበኝ ቅጣቱ ነው። ባለባጃጁ ፍሬቻ ሳያሳይ ከታጠፈ ፊሽካ ይነፋበታል። ይነፋበት፣ አጥፍቷል። የዕለት ገቢ የሚጠብቅ ባለንብረት ቢኖርበትም ይቀጣ። በዚያው መታጠፊያ ባለጥቁር መስታወቱ መኪና ያለ ፍሬቻ ሲጠመዘዝ ግን ፊሽካው ትራፊኩ አፍ ላይ ይደርቃል። እጁም ሰላምታ ለመስጠት ይነሳል። ታዲያ ባለባጃጁ ከዚህ የሚማረው መንገድ መልቀቅን ነው ወይስ ቶሎ ትልቅ መኪና መግዛትን?

እስቲ ለአንድ ሳምንት ብቻ፣ የሚመለከታችሁ ክፍሎች፣ ከሁርሶ እስከ ከዚራ ባጃጁን ተዉትና ጥቁር መስታወቱን አስቁሙ። የቅጣቱን ደረሰኝ እኛም እንየው።