ችግራችን የጉብኝት ፕሮግራም አይደለም!

በሰሜን ተራሮች የእግር ጉዞ ላይ «በጎ ፈቃድ» እየተባለ የሚሸጠው ነገር ይብቃ! ይህን የምለው እንግዳ ጠልቼ አይደለም። እንጀራዬ ከእንግዳ ነው። ደባርቅ ላይ እንግዳ ተቀብዬ ወደ ሳንቃበር፣ ወደ ግጭ፣ ወደ ጨነቅ ይዤ የምወጣ አስጎብኚ ነኝ፤ ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚሁ ሥራ ነው። የማወራው ከሩቅ ሰምቼ ሳይሆን የእርዳታው ሻንጣ ሲፈታ አጠገቡ ቆሜ አይቼ ነው።

ሽያጩ እንዲህ ነው። አንዱ ድርጅት የጥቂት ቀን የእግር ጉዞ ያዘጋጅና መሀል ላይ «መንደር መርዳት» የሚል ግማሽ ቀን ይጨምርበታል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። ጎብኚው ከቧሂት ማዶ ካለ መንደር ሲደርስ ትምህርት ይቋረጣል። ሕፃናቱ ብርድ ላይ ተሰልፈው ያጨበጭባሉ። ደብተርና እስክሪብቶ ይታደላል፣ ካሜራ ይወጣል። ከመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ የፊት ለፊቱ ብቻ ቀለም ይቀባል፤ ፎቶ ላይ የሚታየው እሱ ነዋ! ከዚያ በቅሎ ይጫናል፣ ሰልፉም ይበተናል። የተቋረጠውን የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ማን ይመልስላቸዋል? ከዚያች ግማሽ ቀን ገቢ ትምህርት ቤቱ ስንት እንደደረሰው አንዱን አዘጋጅ ብጠይቀው «እሱ የቢሮ ጉዳይ ነው» አለኝ። አይደለም! የልጆቻችን ፊት ለማስታወቂያ የዋለበት ገንዘብ የእኛም ጉዳይ ነው።

መንገድ ላይ የሚታደለው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በጎቹን ገደል አፋፍ ላይ ጥሎ «ሃይላንድ! እስክሪብቶ!» እያለ ቁልቁል የሚሮጥ ልጅ አይታችኋል? ያንን ልጅ እንዲህ አድርጎ ያስተማረው ከፊት ያለፈው ቸር ጎብኚ ነው። ልጁ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያገኘው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ከሚያገኘው ሲበልጥበት የትኛውን እንደሚመርጥ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የእኛ አገር ሰው ቤቱ እንግዳ ሲመጣበት ገብሱን ቆልቶ፣ ቡናውን አፍልቶ፣ መደቡን ለቆ የሚቀበል ነው። የዚህ ሰው ልጅ እጁን ዘርግቶ እንዲያድግ የሚያደርግ ስጦታ በምን ሒሳብ ነው ደግነት የሚባለው?

አንድ ማታ አምቢቆ ድንኳን ከተተከለ በኋላ አንዲት እናት ዓይኑ አብጦ የሚያዥ ሕፃን አዝላ መጣች። ጎብኚዋ ርኅሩኅ ሴት ናት፤ እንባዋ መጣ። ከቦርሳዋ ግማሹ ያለቀ የኪኒን ማሸጊያ አወጣችና አራት ፍሬ ቆርሳ በእናትየው መዳፍ ላይ አስቀመጠች። መድኃኒቱ የአዋቂ ነው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን እናትየዋ ማንበብ አትችልም፤ ጎብኚዋም ለልጁ ሕመም ይሁን አይሁን አታውቅም። ኪኒኑን አስመልሼ እናትየዋን ወደ ጤና ኬላው እንድትሄድ ስነግራት ጎብኚዋ ጨካኝ ነህ አለችኝ። ወሬው ግን ሲዛመት አድሮ ነበርና ሲነጋ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ጉልበቱን የሚያመው፣ የሚያስላት፣ ጆሮው የሚመግል ልጅ ያዘለች ሁሉ ተሰልፏል። እኛ ደግሞ ስንቅ ጭነን ልንነሳ ነው። ያንን ሕዝብ ዓይን እያየ የሚነሳ ሰው ምን ረዳ ይባላል?

የአማራ ክልል ትራኮማ በሚባለው የዓይን በሽታ ክፉኛ ከተጎዱ የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። ይህን በሽታ የሚዋጋው ሥራ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። መድኃኒት ሲታደል ልጁ ምልክት ካለው የመለኪያ ዘንግ ጋር ተደግፎ ይቆማል፤ የሚሰጠው የአዚትሮማይሲን መጠን በቁመቱ ይወሰናል። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን የሚሰጠው የቴትራሳይክሊን ቅባት ነው። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ለታጠፈበት ቀዶ ሕክምና አለ። ፊት መታጠብና መጸዳጃ ቤት መቆፈርም የሕክምናው አካል ናቸው። ይህ ሥራ በየዓመቱ እየተደጋገመ፣ ከቤት ቤት እየተዞረ የሚሠራ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞችን መድቦ የተነሳው ለእንዲህ ያለው ልፋት ነው። እነዚህ ሴቶች ቱሪስት የሚያደንቀውን ዳገት ያለ በቅሎ ይወጡታል። አንድም «በጎ ፈቃደኛ» ጤና ኬላቸውን አንኳኩቶ «ምን ጎደላችሁ?» ሲል አልሰማሁም።

ከጎኑ የሚሄደውን ሰው ሳያይ ማዶ ያለውን ድሃ ፍለጋ የሚወጣውም ያናድደኛል። የግጭ የድንኳን ሰፈር 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ጎብኚው ድርብ የመኝታ ከረጢት ውስጥ ሲገባ ባለበቅሎው በኮንጎ ጫማ፣ የፓርኩ ጠባቂ ስካውት ጠመንጃውን ታቅፎ በአንድ ጋቢ ያድራሉ። ለመንደሩ ልጆች ሻንጣ ሙሉ ደብተር ያመጣ ሰው ከባለበቅሎው ጋር በቀን አበል ሲከራከር አይቻለሁ። የዚያ ባለበቅሎ ልጆች እኮ እነዚያው ደብተር የሚታደላቸው ልጆች ናቸው! አባትየው የድካሙን ዋጋ ቢያገኝ ደብተሩን ራሱ ይገዛላቸዋል፤ ልጆቹም አባታችን ገዛልን ይላሉ።

ደግሞስ ሰጪው ማን፣ ተቀባዩ ማን? የሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች ጋር ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የእርሻውና የግጦሹ ጫና ነበር። በ2016 የግጭ ሰዎች የአያት ቅድመ አያታቸውን መንደር ለቀው ደባርቅ ሰፈሩ። በዓመቱ ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ዋልያውና ጭላዳው እንዲኖሩ፣ ጎብኚም መጥቶ እንዲያያቸው ቤቱንና ማሳውን የለቀቀ ሕዝብ ፊት ግማሽ ባልዲ ቀለም ይዞ «ልረዳችሁ መጣሁ» ማለት ትልቅ ድፍረት ነው።

እውነተኛ በጎ ፈቃድ ምን እንደሆነ ተራራው ያውቃል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2019 ፓርኩ በእሳት ሲያያዝ የአካባቢው ሰው ቅጠልና አካፋ ይዞ ወጣ፤ ያንን ገደል ለገደል የሚሮጥ እሳት በቅጠል እየደበደበ ታገለው። ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። መንግሥት ጠርቷቸው፣ እኛ የሌለንን ሙያ ይዘው መጡ፤ ሥራው ሲያልቅ ሄዱ። ማንም ሕፃን ተሰልፎ አላጨበጨበላቸውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

መንደር በቱሪዝም መጠቀም አይችልም የሚለኝ ካለ መቄትን ይይ። ላስታና መቄት ላይ ገበሬዎች በማኅበር ሆነው በገደሉ አፋፍ የእንግዳ ጎጆ ሠርተዋል። የሚያስተናግዱት፣ የሚያበስሉት፣ ጭነቱን የሚወስዱት እነሱው ናቸው፤ ገቢውም የማኅበራቸው ነው። እንግዳው አገልግሎት ይገዛል፣ ገበሬው ዋጋውን ይቀበላል፤ ሁለቱም አንገታቸውን ቀና አድርገው ይለያያሉ።

ለዲያስፖራው ወገኔም የምለው አለኝ። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ፣ ከዱባይ በሻንጣህ የትምህርት ቁሳቁስ ሞልተህ ስትመጣ ልብህ ንጹሕ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ደብተሩ ደባርቅ ገበያ አለ። እዚያው ግዛው፤ ነጋዴውም ይጠቀም። ለርዕሰ መምህሩ ደረሰኝ አስቆርጠህ አስረክብ፤ ለማን እንደሚሰጥ እሱ ያውቃል። ሐኪም ከሆንክ መድኃኒት አትበትን፤ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሂድና የሚሠሩትን ሠራተኞች አሠልጥን። አንተ ከሄድክ በኋላ ሥራው ላይ የሚቀሩት እነሱ ናቸው።

ኮሮናና ጦርነት እንግዳውን ካራቁት ወዲህ ሥራ እንደጠፋ ማንም አይነግረኝም። «የመጣውን ተቀበል፣ አታማር» የሚሉኝ የሙያ ጓደኞቼ ችግር ይገባኛል። ግን ርቦናል ብለን የልጆቻችንን ጉስቁልና ለሽያጭ ካቀረብን፣ ነገ ሰላም ሆኖ እንግዳ ሲመለስ የምንሸጠው ሌላ ነገር አይኖረንም።

አስጎብኚዎች፣ ትምህርት የሚያቋርጥ ፕሮግራም አንቀበልም በሉ። ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ለሰልፍ አትስጡ። ጎብኚ ሆይ፣ ገንዘብህን ከመክፈልህ በፊት ስካውቱ፣ ባለበቅሎውና ምግብ አብሳዩ በቀን ስንት እንደሚደርሳቸው በጽሑፍ ጠይቅ። የማይነግርህ ድርጅት ካጋጠመህ ገንዘብህን ይዘህ ሌላ ዘንድ ሂድ።